ፀሐይ ስትጠልቅ የሚጀምረው ፈተና፦ የቴክሳስ ግሪድ የሰመርን ሙቀት እንዴት ይወጣዋል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሪቻርድሰን፣ ቴክሳስ ነው። ሰመር በገባ ቁጥር የመብራት አቅራቢያችን ‹ከምሽቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ፍጆታዎን ይቀንሱ› የሚል መልእክት ይልክልናል። ሙቀቱ የሚብሰው ግን 4 ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ዝም ብለው ማታ ላይ የሚጨነቁት ለምንድን ነው? እንደ 2021ዱ የክረምት በረዶ ጊዜ መብራት ይጠፋብን ይሆን? አብራኝ የምትኖረው እናቴ የኦክስጅን ማሽን ስለምትጠቀም ጄኔሬተር ልግዛ እያልኩ ነው። የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ።»

መልስ፦ እህቴ፣ አቅራቢዎ ሰዓቱን አልተሳሳተም። በቴክሳስ ግሪድ (የኤሌክትሪክ ኃይል መረብ) ላይ የሚያስፈራው ሰዓት ዱሮ ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት አካባቢ ነበር፤ አሁን ወደ ማታ 8 እና 9 ሰዓት ተገፍቷል። ሙቀቱ የሚብስበት ሰዓት አልተለወጠም። የተለወጠው ኃይሉ የሚመጣበት ምንጭ ነው። (ሰዓቱን እዚህ አገር በሚቆጠርበት፣ ዓመቱንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ማን ምን እንደሚሠራ እንለይ፤ ብዙ ሰው ያምታታዋል። ቢል የሚልክልዎ አቅራቢ ኃይል ገዝቶ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ መንገድ ላይ አንዲት ምሰሶ እንኳ የለችውም። በሰፈርዎ ያለው ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ኦንኮር የተባለው ኩባንያ ንብረት ነው። (ጋርላንድ ያላችሁ ግን አብዛኞቻችሁ የከተማው የራሱ ድርጅት ደንበኞች ስለሆናችሁ አቅራቢ የመምረጡ ጉዳይ አይመለከታችሁም።) ከእነዚህ ሁሉ በላይ ሆኖ የጠቅላላውን ግሪድ ሚዛን በየሰከንዱ የሚጠብቀው ኤርኮት ነው። መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ከኦስቲን ወጣ ብላ ባለችው በቴይለር ከተማ ይገኛል። ከግዛቱ ፍጆታ 90 በመቶ ያህሉ በእሱ እጅ ነው።

ኤርኮትን ከሌሎቹ የሚለየው ብቸኝነቱ ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ዘመዶቻችን የሚጠቀሙበት ፒጄኤም የተባለው ግሪድ የአሥራ ሦስት ግዛቶችን ሙሉ ወይም ከፊል ክልል ከዲሲ ጋር ይዞ፣ ከትልቁ የምሥራቅ አሜሪካ ግሪድ ጋር ተጋምዶ ነው የሚሠራው፤ ሲጨንቀው ከጎረቤት ይበደራል። ቴክሳስ ግን ከጎረቤት ግዛቶችና ከሜክሲኮ ጋር ያለው ግንኙነት ሁሉ ቢደመር 1,200 ሜጋዋት ገደማ ነው። ይህ ከሚያስፈልገው አንጻር ኢምንት ነው።

ኦገስት 10 ቀን 2023 በኤርኮት የተመዘገበው ክብረ ወሰን 85,508 ሜጋዋት ነበር። የሕዳሴ ግድባችን ሁሉም ተርባይኖች ቢዞሩ 5,150 ሜጋዋት ይሰጣል፤ እንግዲህ አሥራ ስድስት ሕዳሴ ቢደረደር እንኳ የዚያን ቀን ፍላጎት አይሞላም ማለት ነው። አፕሪል ላይ፣ አየሩ ደስ በሚልበት ቀን፣ ይኸው ግሪድ የሚፈልገው የዚህን ግማሽ፣ ቢበዛ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለውን ነው። ልዩነቱን የሚበላው በአብዛኛው ኤሲ ነው። ኤሲ ደግሞ ከፀሐይዋ ኋላ ኋላ ነው የሚሄደው፤ የቤቱ ጡብና ጣሪያ ቀኑን ሙሉ ሙቀት ሲጠጣ ውሎ አመሻሹ ላይ ወደ ውስጥ ይለቀዋል። በዚያው ሰዓት ሰዉ ከሥራ ይገባል፣ ምድጃው ይበራል፣ ልብስ ማድረቂያው ይዞራል፣ የኤሌክትሪክ መኪናው ይሰካል። ስለዚህ 4 ሰዓት ላይ የነበረው ፍላጎት 7 ሰዓት ላይም ብዙ አልቀነሰም።

ሙቀቱ የሚጎዳው በፍላጎት በኩል ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። የጋዝ ተርባይን የሚስበው አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ከጉልበቱ ከ0.5 እስከ 0.9 በመቶ ያጣል። ማስተላለፊያ ሽቦዎችም ሲግሉ ይለጠጡና ወደ መሬት ይረግባሉ፤ ስለዚህ የሚሸከሙት ኃይል ይገደባል። በብዛት በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው መሣሪያው ሁሉ አቅሙ የሚቀንሰው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኤሌክትሪክ በተመረተበት ቅጽበት ነው የሚበላው። ፍጆታው ከምርቱ በለጠ ማለት በየጣቢያው የሚሽከረከሩት ጄኔሬተሮች አቀበት እንደወጣ መኪና ፍጥነታቸው ይቀንሳል ማለት ነው፤ ያ ፍጥነት በኸርዝ ይለካል። ጤነኛው ቁጥር 60 ነው። የመቆጣጠሪያ ክፍል ሠራተኛ ሌላ ሺህ ነገር ቢያይም ዓይኑ ከዚህ ቁጥር አይነቀልም። 59.9 ሲል ይመለከታል፤ 59.8 ሲል ስልክ ያነሳል። 59.3 ከደረሰ ማንም ሳያዝ በየማከፋፈያ ጣቢያው ያሉት ሪሌዎች (መቁረጫ መሣሪያዎች) ራሳቸው ሰፈር ሰፈሩን እየቆረጡ ይጥላሉ። በፌብሩዋሪ 2021 ቁጥሩ 59.302 ደርሶ ነበር። ከ59.4 በታች ዘጠኝ ደቂቃ ቢቆይ ኖሮ ጄኔሬተሮቹ ራሳቸውን ለማዳን እየተነቀሉ ይወጡ ነበር፤ የቆየው 4 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ነው። ከሙሉ ጨለማ የለየን የቀረው 4 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ነበር።

ስለዚህ ግሪዱን የሚያሳስበው «ፍጆታው ስንት ደረሰ?» የሚለው ብቻ አይደለም። ማዘዝ የምንችለው ኃይል፣ ማለትም ጋዝ፣ ከሰል፣ ኒውክሌርና ባትሪ፣ ምን ያህሉን መሸፈን አለበት የሚለው ይበልጣል። ከጠቅላላው ፍጆታ ላይ ፀሐይና ነፋስ ያዋጡት ሲቀነስ የሚቀረው የተጣራ ፍጆታ ነው፤ የሥራው ጭንቅ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው። በ2019 በኤርኮት ግሪድ ላይ የነበረው የፀሐይ ኃይል 2,000 ሜጋዋት ገደማ ነበር። በ2024 በአንዳንድ ቀናት ከ20,000 በላይ ማመንጨት ጀመረ። 4 ሰዓት ላይ፣ እርስዎ መኪና ውስጥ ገብተው መሪው እጅዎን ሲያቃጥልዎ፣ ፀሐይ ያመጣችውን ጣጣ ራሷ እየከፈለች ነው። ችግሩ በኦገስት አጋማሽ ዳላስ ላይ 8 ሰዓት አለፍ ሲል ትጠልቃለች፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ሰዓታት ያ ሁሉ ኃይል ተሟጦ ያልቃል። ኤሲው ግን እንደበራ ነው። የምዕራብ ቴክሳስ ነፋስ ማታ ማታ ስለሚበረታ ብዙ ጊዜ ይደርሳል፤ ሆኖም በጣም በሚሞቅበት ቀን አመሻሹ ላይ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። መልእክቱ የሚመጣልዎ ለዚያች ክፍተት ነው።

ሴፕቴምበር 6 ቀን 2023 የሆነውን ብነግርዎ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ቀኑ ሞቃት ነበር፣ የፍጆታው መጠን ለሴፕቴምበር አዲስ ክብረ ወሰን ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ግን ምንም ችግር አልነበረም። ፀሐይ መውረድ ስትጀምር ነፋሱም ደከመ። ደቡብ ቴክሳስ ውስጥ የነበረው ኃይል ወደ ሰሜን እንዳይመጣ አንድ የማስተላለፊያ መንገድ ከሚችለው በላይ ተጨናነቀ፤ ኃይሉ አለ፣ መንገዱ ግን ሞልቷል። የኸርዙ ቁጥር ወረደ። 7:25 ላይ ኤርኮት የሁለተኛ ደረጃ አስቸኳይ ሁኔታ አወጀ። ባትሪዎች የያዙትን ለቀቁ፣ ውል ያላቸው ትላልቅ ፋብሪካዎች ተቆረጡ፣ ሕዝቡም እንዲቆጥብ ተለመነ። 8:37 ላይ አዋጁ ተነሳ። አንድ ሰዓት ከሩብ እንኳ አልሞላም፤ የማንም ቤት መብራት በኤርኮት ትእዛዝ አልጠፋም። አብዛኛው ሰው እራቱን እየበላ ሳይሰማ አልፎታል።

ደረጃዎቹ የሚቆጠሩት በመጠባበቂያ ኃይል ነው። ዛሬ ባለው ደንብ መጠባበቂያው ከ2,500 ሜጋዋት ወርዶ በቶሎ የማይመለስ ከሆነ አንደኛ ደረጃ፣ ከ2,000 ሲወርድ ሁለተኛ፣ ከ1,500 መጠበቅ ካልተቻለ ሦስተኛ። በፈረቃ መብራት መቁረጥ የሚታዘዘው በሦስተኛው ደረጃ ነው። መጠባበቂያው ለምን ይህን ያህል ሆነ ቢሉ፣ በደቡብ ቴክሳስ ያሉት ሁለት የኒውክሌር ማብላያዎች አንድ ላይ ቢጠፉ 2,700 ሜጋዋት አካባቢ በአንድ ጊዜ ያጎድላሉ፤ ግሪዱ ያንን ምት ችሎ መቆም አለበት።

ከ2023 ወዲህ ነገሩን የለወጠው ባትሪ ነው። በ2020 በኤርኮት ግሪድ ላይ የነበረው ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋዋት ብቻ ነበር፤ በ2024 መጨረሻ 10,000 ገደማ ደረሰ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ተትረፍርፋ ዋጋው ሲወድቅ ይሞላል፣ ከ7 እስከ 9 ባለው ጊዜ ይሸጣል። ጋዝ ጣቢያ ለመነሳት ደቂቃዎች፣ አንዳንዱም ሰዓታት ይፈልጋል፤ ባትሪ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ምላሽ ይሰጣል። ግን ሁሉን ይፈታል የሚሉትን አይመኑ። አብዛኞቹ በሙሉ ኃይላቸው ሲለቁ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው የሚቆዩት። የሰመር ምሽት ክፍተት አጭር ስለሆነ ለእሱ ልክ ናቸው። ቀናት ለሚቆይ የክረምት በረዶ ግን አይበቁም።

ይህን ሁሉ ባትሪ ማን አዘዘ? ማንም አላዘዘም። ፒጄኤም ለጣቢያዎች «ለመጪው ዓመት ዝግጁ ሁኑ» ብሎ አስቀድሞ ይከፍላል። ቴክሳስ እንዲህ ያለ ክፍያ የለውም፤ የሚከፍለው ለተመረተው ኃይል ሲሆን ኃይሉ ባጠረ ቁጥር የጅምላ ዋጋው እንዲሰቀል ይፈቅዳል። ጣሪያው ዱሮ በሜጋዋት ሰዓት 9,000 ዶላር ነበር፤ ከ2021 በኋላ ወደ 5,000 ወርዷል። ወደ ቤትዎ ቢል ሲመነዘር በኪሎዋት ሰዓት 5 ዶላር ማለት ነው። በ2019 ኦገስት ላይ ዋጋው ጣሪያውን የነካባቸው ሰዓታት ነበሩ፤ ባለሀብቱ ያንን አይቶ ነው ባትሪና ፀሐይ ይዞ የመጣው። እኔ ይህ አሠራር ለሰመር ጥሩ ሠርቷል ባይ ነኝ፤ በሚደጋገም ችግር ላይ ነጋዴ ቶሎ ይደርሳል። በአሥር ዓመት አንዴ ለሚመጣ በረዶ ግን በዋጋ ብቻ የሚዘጋጅ የለም፤ 2021 ያሳየን ይህንን ነው። እርስዎ የተወሰነ ዋጋ ያለው ውል ካለዎት የጅምላው ዋጋ ጣሪያ ቢነካም አይመለከትዎትም። ከጅምላ ዋጋ ጋር በቀጥታ የሚወጣና የሚወርድ የመኖሪያ ቤት ውል ከ2021 በኋላ በሕግ ታግዷል።

ሰው የሚናደድበት አንድ ነገር አለ፤ ሳላነሳው አላልፍም። በቴክሳስ ብዙ የቢትኮይን «ማዕድን ማውጫዎች»፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ በኮምፒውተር የሚያመርቱ ድርጅቶች፣ አሉ፤ ኃይል ሲያጥር ማሽናቸውን ያጠፋሉ፣ ለዚያም ይከፈላቸዋል። ራዮት የተባለው ኩባንያ በኦገስት 2023 ብቻ ከዚህ መንገድ 31.7 ሚሊዮን ዶላር አግኝቻለሁ ብሏል። «እኛ ኤሲ ቀንሱ ሲባል እነሱ ሚሊዮን ይበላሉ» የሚለው ቅሬታ እውነት አለው። ከመሐንዲስ ወንበር ሲታይ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ መቶ ሜጋዋት ማጥፋት የሚችል ደንበኛ እንደ አንድ የጋዝ ጣቢያ ይጠቅማል። ትላልቅ ፋብሪካዎችም ከጁን እስከ ሴፕቴምበር በየወሩ የግሪዱ ጣሪያ የሚመታበትን ሩብ ሰዓት እየገመቱ ያጠፋሉ፤ የቀጣዩ ዓመት የማስተላለፊያ ክፍያቸው የሚሰላው በእነዚያ አራት ሩብ ሰዓቶች ስለሆነ ነው። ይህም ከላይኛው ጫፍ ላይ ጥሩ ቁራጭ ይቀንሳል።

እንግዲህ «ይጠፋብን ይሆን?» ወዳሉት። ኤርኮት በታሪኩ በፈረቃ መብራት እንዲቆረጥ ያዘዘው አራት ጊዜ ነው፦ ዲሴምበር 1989፣ አፕሪል 2006፣ ፌብሩዋሪ 2011 እና ፌብሩዋሪ 2021። ወሮቹን ይመልከቱ፤ አንዱም ሰመር አይደለም። ሦስቱ ብርድ ናቸው። የአፕሪሉ ደግሞ ብዙ ጣቢያ ለሰመር ሲጠገን ሳለ ድንገት የሞቀ ቀን ነበር። ኦገስት እንደሚሞቅ ማንም ያውቃል፤ ጥገና አስቀድሞ ያልቃል፣ ሁሉም ጣቢያ በተጠንቀቅ ይቆማል። አገር ቤት በ2019 የግቤ 3 ውሃ ጎድሎ ለሳምንታት በፈረቃ የኖርንበት ችግር ከዚህ ይለያል፤ ያ የጠቅላላ ኃይል እጥረት ነው፣ ግድቡ እስኪሞላ አይፈታም። የቴክሳስ ሰመር እጥረት የአንድ ወይም የሁለት ሰዓት ነው፤ ነገ ጠዋት ፀሐይ ትወጣለች።

ቤትዎ የሚጨልምበት ዕድል የሚበዛው በሌላ በኩል ነው፦ በሰፈር ትራንስፎርመርና በአውሎ ነፋስ። ትራንስፎርመር ሌሊት ቀዝቅዞ ነው ለነገ የሚዘጋጀው፤ ሌሊቱም 85 ፋራናይት ሆኖ ሲያድር ዘይቱ አይበርድም፤ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን የደከመው ይቃጠላል። ሜይ 28 ቀን 2024 ዳላስን የመታው ማዕበል ከ600,000 በላይ የኦንኮር ደንበኞችን አጨልሟል። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ቤሪል የተባለው ሄሪኬን ሂዩስተን አካባቢ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን መብራት አሳጥቷል፣ አንዳንዱን ለቀናት። ሁለቱም ጊዜ ኤርኮት በቂ ኃይል ነበረው፤ የወደቀው ምሰሶ ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ጎረቤትን ይመልከቱ፤ የእርስዎ መንገድ ብቻ ከሆነ ለኦንኮር ይንገሩ፣ ለአቅራቢዎ መደወል ጊዜ ማባከን ነው።

ቤት ውስጥ ምን ያድርጉ? ኤሲውን ቀድመው ያሠሩት። ከ3 እስከ 6 ሰዓት፣ ፀሐይ ብዙ ኃይል እየሰጠች ሳለ፣ ቤቱን ወደ 73 ያውርዱት፤ 6 ላይ ወደ 77 ወይም 78 ከፍ ያድርጉ። ቤቱ ደህና መስኮትና ኮርኒስ ካለው እስከ 8 ተኩል ኤሲው ብዙ አይነሳም። መጋረጃውን ከምዕራብ በኩል ይዝጉ፣ ማጣሪያውን ይለውጡ። እንጀራ የሚጋግሩ ከሆነ እዚህ የምንጠቀምበት የ120 ቮልት ምጣድ 1,500 ዋት ገደማ ነው፤ ራሱ ብዙ አይደለም፣ ሁለት ሰዓት ተጋግሮ የሚለቀው ሙቀት ግን ኤሲውን ደግሞ ያሠራል። ጠዋት ቢሆን ወይም ጋራዥ ውስጥ በሩ ተከፍቶ ይሻላል። ማድረቂያና የመኪና ቻርጅ ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁን። ቴርሞስታትዎ በነፃ ወይም በቅናሽ የተሰጠዎት ከሆነ ውሉን ያንብቡ፤ አንዳንዱ ኩባንያው ራሱ ከሩቅ ዲግሪውን እንዲያነሳ ይፈቅዳል። እናትዎ አሉና ከ78 በላይ ማውጣት አልመክርም፤ ለአረጋዊ ሰው ሙቀቱ ከቢሉ ይከፋል።

ስለ ጄኔሬተሩ። በ2021 ከሞቱት መካከል ብርዱ ሳይሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ የገደላቸው ነበሩ፤ ጋራዥ ውስጥ መኪና ወይም ጄኔሬተር አስነስተው። የእኛ ወገኖችም ነበሩባቸው። የጋራዡ በር ቢከፈትም አያድንም፤ ከቤቱ ቢያንስ 20 ጫማ ርቆ፣ ከመስኮት ዞሮ ደጅ መቀመጥ አለበት። ማታ ዝናብና ማዕበል እያለ ይህን ማድረግ ለአንድ ሰው ከባድ ነው። በእርስዎ ቦታ ብሆን መጀመሪያ የምገዛው ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ትልቅ ባትሪ ነው። በደቂቃ 5 ሊትር የሚሰጥ የኦክስጅን ማሽን 300 እስከ 350 ዋት ይወስዳል፤ 2,000 ዋት ሰዓት ያለው ባትሪ አምስት ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ዋት አንብበው የባትሪውን ዋት ሰዓት ለዚያ ቁጥር ያካፍሉ። ይህ ለግሪድ እጥረትና ለትራንስፎርመር ብልሽት ይበቃል። ለማዕበል ግን አይበቃም፤ ለእሱ የኦክስጅን ማሽኑን ያመጣልዎትን ድርጅት ያለ መብራት የሚሠራ የመጠባበቂያ ሲሊንደር ይጠይቁ፣ ለስንት ሰዓት እንደሚበቃም ያስጽፉ።

ከዚህ በተጨማሪ በቴክሳስ ሕይወታቸው በኤሌክትሪክ መሣሪያ ላይ ለቆመ ሰዎች የሚሞላ የመመዝገቢያ ቅጽ አለ። አቅራቢዎን ወይም ኦንኮርን ይጠይቁ፤ ሐኪሟ ይሞሉታል፣ ወደ ኦንኮር ይላካል። መመዝገብ መብራቱ አይጠፋም የሚል ዋስትና አይሰጥም፤ ቢል ቢያልፍብዎ ከመቁረጣቸው በፊት ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጡ ያስገድዳል፣ መሣሪያ ያለበት ቤት መሆኑም በመዝገባቸው ላይ ይታያል። ጊዜው ሲያልቅ ስለሚሰረዝ የሚታደስበትን ቀን ሲሞሉ እዚያው ይጠይቁ።